ማንም በማይናገርበት ፊልም ውስጥ የሚናገረው ማነው?

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ አንዲት ቃል ያዜማል። ቃሏን አታውቋትም። ድምፁ ከመሬት ስር የሚወጣ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ፣ ዓለት ላይ የተሳሉ ረጃጅም የሰው ቅርጾች ቆመዋል። ቀጥሎ እሳት ይመጣል። እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የሮኬት እሳት መሆኑ የሚገባችሁ ቆይቶ ነው። ከዚያ በረሃ። ከዚያ ደመና። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ያወራ ሰው የለም። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ዘወር ብሎ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላችኋል።

ከጀመረ ቆይቷል።

ፊልሙ «ኮያኒስካትሲ» ይባላል። በ1982 የወጣ የ86 ደቂቃ አሜሪካዊ ሥራ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተዋናይ የለውም። ተራኪ የለውም። ቃለ መጠይቅ የለውም። ያለው ምስልና ሙዚቃ ነው። እሱን የመሰሉ ፊልሞች ከእሱ በፊትም ነበሩ፣ ከእሱ በኋላም መጥተዋል። ብዙ ሰው ግን ወይ «የአርቲስት ቅብጠት» ብሎ ያልፋቸዋል፣ ወይ ደግሞ ከኋላ ከፍቶ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ቃል ከሌለ የሚባል ነገር የለም ብሎ ስለሚያስብ ይመስለኛል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ብዙ ይናገራሉ፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ። አፋቸው ያለበትን ቦታ ማወቅ ነው ዋናው።

ቃል አልባ ሲባል ድምፅ አልባ ማለት ነው?

አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒዎች ናቸው።

የድሮዎቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች ቃል ሞልቷቸው ነበር። ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያወራሉ፤ ያወሩት ነገር ደግሞ በጥቁር ካርድ ላይ ተጽፎ በመሃል በመሃል ይገባል። ያልነበራቸው የተቀዳ ድምፅ ነው። ቃል አልባ ፊልም ደግሞ ድምፁ ሙሉ ነው፤ የሌለው ንግግሩ ነው።

ዘጋቢ ፊልም ነው ወይ? ግማሽ በግማሽ። የሚያሳየው ነገር በአብዛኛው እውነተኛ ነው፦ እውነተኛ ከተማ፣ እውነተኛ ፋብሪካ፣ እውነተኛ ሰው። ግን ዘጋቢ ፊልም መረጃ ይሰጣል። ይህ አይሰጥም። ቦታው የት እንደሆነ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ዘመኑ መቼ እንደሆነ አይነግራችሁም።

የሙዚቃ ክሊፕስ? ክሊፕ ውስጥ ምስሉ የዘፈኑ አጃቢ ነው። የተለመደው ፊልም ውስጥ ደግሞ ሙዚቃው የምስሉ አጃቢ ነው። እዚህ ግን አጃቢ የለም፤ ሁለቱም እኩል ይቆማሉ። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ስትሰሙ «ታሪኩ ምንድነው?» ብላችሁ አትጠይቁም። ግጥም የለውም፣ ግን ያስለቅሳል። የእነዚህ ፊልሞች ሠሪዎች የሚሉት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጆሮ እንዲህ ማዳመጥ ከቻለ፣ ዓይን ለምን አይችልም?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከ1920ዎቹ። ሲኒማ ገና ወጣት ነበር። ቲያትርና ልብ ወለድ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ የሰለቻቸው ሰዎች ነበሩ። «ፊልም የራሱ ቋንቋ ይኑረው» አሉ። ጎረቤት ሲፈልጉ ያገኙት ሙዚቃን ነው።

በ1927 ጀርመናዊው ዋልተር ሩትማን አንድን ከተማ እንደ ሲምፎኒ ቀረጸው። ፊልሙ «በርሊን፦ የታላቅ ከተማ ሲምፎኒ» ይባላል። በአምስት ክፍል የተከፈለ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ንጋት ላይ ባቡር ወደ ከተማዋ ይገባል፤ መንገዱ ባዶ ነው፤ ቀስ በቀስ በሮች ይከፈታሉ፣ ፋብሪካ ይነሳል፣ ሕዝብ ይፈሳል። ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከተማዋ ናት። ሙዚቃውን ኤድመንድ ማይዝል ደረሰለት።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት ዚጋ ቬርቶቭ «ካሜራ የያዘው ሰው» የተባለውን ፊልም ይዞ መጣ። የቬርቶቭ ፊልም መጀመሪያው ላይ ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ይህ ፊልም ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ድርሰት፣ ያለ ቲያትር የተሠራ ሙከራ ነው ይላል። ቃል እንደሌለ ለመናገር ቃል አስፈለገው! ይህች ጣጣ እስከ ዛሬ ከዘርፉ አልወጣችም፤ ኋላ ላይ እንመለስባታለን።

ፊልሙ ውስጥ ከሁሉም የምወዳት አንዲት ቅጽበት አለች። ፈረስ ጋሪ እየጎተተ ሲጋልብ ድንገት ቀጥ ይላል። ፊልሙ ቆመ። ከዚያ የቆሙ ምስሎች በተራ ይመጣሉ፤ አንዲት ሴት ደግሞ የፊልሙን ቁርጥራጮች እያየች ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ሴትየዋ ኤሊዛቬታ ስቪሎቫ ናት፤ የፊልሙ ትክክለኛ ኤዲተር፣ የቬርቶቭም ባለቤት። ካሜራማኑ ወንድሙ ሚካኤል ካውፍማን ነው። ማለትም ፊልሙ ሆዱን ከፍቶ እንዴት እንደተሠራ ያሳያችኋል። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ2014 ባለሙያዎችን አሰባስቦ ሲያስመርጥ፣ ከዘጋቢ ፊልሞች ሁሉ አንደኛ የወጣው ይህ ነው።

ሁሉም ሙከራ ግን አልተሳካም። በ1924 ፈርናንድ ሌዤ የተባለው ሠዓሊና ደድሊ መርፊ «ባሌ ሜካኒክ» የሚል አጭር ፊልም ሠሩ። ሙዚቃውን አሜሪካዊው ጆርጅ አንታይል ደረሰ። የአውሮፕላን ፕሮፔለር፣ ሳይረንና በራሳቸው የሚጫወቱ ፒያኖዎች ያሉበት ጉደኛ ሙዚቃ ነው። ችግሩ ሙዚቃው የፊልሙን እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ሁለቱ ተለያይተው ኖሩ፤ አብረው መታየት የቻሉት ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ድምፅ ያለው ፊልም መጣና ሁሉም ማውራት ጀመረ። ይህ ዓይነቱ ሥራ ወደ ጥግ ተገፋ። ለብዙ ዘመን ጥቂት የሙከራ ፊልም ሠሪዎች ብቻ ናቸው የያዙት።

መነኩሴው ምን አገኘና ነው ካሜራ ያነሳው?

ጎድፍሪ ሬጂዮ የኮያኒስካትሲ ዳይሬክተር ነው። ልጅነቱን ጨርሶ ወጣት ሳይሆን የካቶሊክ ወንድሞች ማኅበር ገብቶ 14 ዓመት ቆይቷል። ጸሎት፣ ጾም፣ ዝምታ። በኋላም ሳንታ ፌ በተባለችው የኒው ሜክሲኮ ከተማ ከወሮበላ ቡድን ልጆች ጋር ሠርቷል። የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ እሱና ጓደኞቹ ቴክኖሎጂ የሰዎችን የግል ሕይወት እየሰለለ ነው የሚል ዘመቻ አካሄዱ። ለቴሌቪዥን አጫጭር ማስታወቂያዎች ሠሩ። ሰው ማስታወቂያዎቹን ከመውደዱ የተነሣ ለጣቢያው ስልክ እየደወለ «ቀጣዩ መቼ ነው የሚተላለፈው?» ይል ነበር። ማስታወቂያ ሲመጣ ቻናል መቀየር ነው ልማዱ፤ ይህ ግን ሌላ ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ 40,000 ዶላር ተረፈ። ካሜራማኑ ሮን ፍሪኬ «በዚህ ፊልም እንሥራ» ብሎ ወተወተ። ፊልሙ በዚያ ተጀመረ፤ ለማለቅ ግን ዓመታት ፈጀ።

ሬጂዮ ቃልን ለምን ጣለ? ቋንቋን ጠልቼ አይደለም ይላል። ቋንቋችን ተዋርዷል፣ የምንኖርበትን ዓለም መግለጽ አቅቶታል ነው የሚለው። ርዕሱንም የመረጠው ተመልካቹ አስቀድሞ ከማያውቀው ቋንቋ ነው። «ኮያኒስካትሲ» የሆፒ ቃል ነው። ሆፒዎች በአሪዞና የሚኖሩ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። ትርጉሙም «ሚዛኑን የሳተ ሕይወት» እንደማለት ነው። ይህን የምታውቁት ግን ፊልሙ ሲያልቅ ነው።

እሺ፣ ተራኪ ከሌለ ማነው የሚተርከው?

መጀመሪያ ፍጥነት ነው።

ፊልም በሴኮንድ 24 ፎቶ ነው። ዓይናችን ፎቶዎቹን አገጣጥሞ እንቅስቃሴ ያደርጋቸዋል። አሁን ካሜራችሁን አቁማችሁ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ብቻ አንሱ እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 720 ፎቶ ይኖራችኋል። በመደበኛው ፍጥነት ስታሳዩት 30 ሴኮንድ ይሆናል። አንድ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ታይም ላፕስ የሚባለው ይህ ነው። ስሎው ሞሽን ግልባጩ ነው። በሴኮንድ 120 ፎቶ አንስታችሁ በ24 ስታሳዩት፣ አንዷ ሴኮንድ አምስት ትሆናለች።

ይህ ዘዴ ብቻ ሊመስል ይችላል። እስኪ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ደመና በዓይናችን ዝም ብሎ የቆመ ነው፤ ሲፋጠን እንደ ባሕር ማዕበል ተራራውን ይመታል። ምሽት ላይ መኪና ለብቻው መኪና ነው፤ ሲፋጠን ግን መኪናው ይጠፋና ቀይና ነጭ የብርሃን ወንዝ ይቀራል። ሰውም እንዲሁ። ጣቢያ ውስጥ የሚጣደፍ ሕዝብ ሲፋጠን፣ ሰው መሆኑ ቀርቶ በቱቦ የሚገፋ ፈሳሽ ይመስላል።

በሌላ በኩል ሬጂዮ አንድ ሰው ካሜራ ፊት ያቆምና ያዘገየዋል። የጦር አውሮፕላን አብራሪ ከአውሮፕላኑ ፊት ቆሞ ዝም ብሎ ያያችኋል። የቁማር ቤት አስተናጋጆች በደማቅ መብራት ፊት ቆመው ያያችኋል። መጀመሪያ ፈገግታ አለ። ፈገግታው ይደክማል። ከስሩ ሌላ ነገር ብቅ ይላል፤ ድካም ይሁን ሐፍረት አይታወቅም። በተለመደው ፍጥነት ይህ ባመለጣችሁ ነበር።

ስለዚህ ሰው በብዛት ሲሆን ፈጣን ነው፣ ለብቻው ሲሆን ዘገምተኛ ነው። አንድም ቃል አልተነገረም፤ ግን ስለ ዘመናዊ ከተማ ጠንከር ያለ አስተያየት ተሰጥቷል። ተራኪ «የከተማ ሕይወት ሰውን ማሽን ያደርገዋል» ቢላችሁ ልትከራከሩት ትችላላችሁ። ፍጥነትን ግን ማን ይከራከረዋል?

ሁለተኛው ምስልን ከምስል ጎን ማስቀመጥ ነው። በ1910ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ አንድ ዝነኛ ሙከራ አደረገ። የአንድ ተዋናይን ያንኑ ስሜት አልባ ፊት ከሾርባ፣ ከሬሳ ሳጥንና ከሴት ምስል ጋር አፈራርቆ አጣበቀው። ተመልካቾች አንዴ ርቦታል፣ አንዴ አዝኗል፣ አንዴ ወዷታል ብለው ተረጎሙት። ፊቱ ግን አልተለወጠም ነበር። ትርጉሙ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ በሁለቱ ምስሎች መካከል ነበር።

ቃል አልባ ፊልም የሚኖረው በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው። ኮያኒስካትሲ ከሰማይ የተነሡ የከተሞችን ፎቶዎች ያሳይና አስከትሎ የኮምፒውተር ቺፕ አጉልቶ ያመጣል። ይመሳሰላሉ። ሮን ፍሪኬ በኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ በሠራው «ባራካ» ደግሞ በፋብሪካ ማመላለሻ ላይ የሚንጋጉ ቢጫ ጫጩቶችና በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ የሚጋፋ ሕዝብ ይፈራረቃሉ። እናንተው ናችሁ አንዱን ከሌላው የምታገናኙት። የራሳችሁ ሐሳብ ስለሚመስላችሁም አምናችሁ ትቀበሉታላችሁ።

ሙዚቃው ይቀድማል ወይስ ምስሉ?

በተለመደው አሠራር ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ለሙዚቃ ደራሲው ይሰጣል፤ እሱም ቶሎ እንዲያደርስ ይጨቀጨቃል።

ሬጂዮ የፈለገው አሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ ፊሊፕ ግላስን ነበር። ግላስ «የፊልም ሙዚቃ አልሠራም» አለው። ሬጂዮ አልተወውም። ከቀረጻው የተወሰነውን ወስዶ በራሱ በግላስ ነባር ሙዚቃ አቀነባበረና ጋብዞ አሳየው። ግላስ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቅብብሎሽ ሆነ። ምስል ታይቶ ሙዚቃ ይጻፋል፤ ሙዚቃው ተሰምቶ ምስሉ እንደገና ይቆረጣል።

የግላስ ሙዚቃ ለዚህ ለምን ተስማማ? አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመ ትንሽ በትንሽ ይቀይራቸዋል። መጀመሪያ ያው ነገር ይመስላችኋል፤ ልብ ስትሉ ሌላ ቦታ ደርሷል። ደመናም እንደዚያ ነው። ትራፊክም። የፋብሪካ ማሽንም። የፊልሙ ረጅሙ ክፍል፣ «ግሪድ» የሚባለው፣ 20 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ እየፈጠነ ይሄዳል። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ያልባችኋል። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ሰው ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ስህተት አይመስለኝም፣ ታስቦበት ነው።

ሙዚቃው ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ወደ ቬርቶቭ እንመለስ። ፊልሙ በዘመኑ ሲታይ ሙዚቃው በአዳራሹ ውስጥ የሚጫወት ስለነበር ከፊልሙ ጋር አልተቀዳም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የተለያዩ ሙዚቀኞች የየራሳቸውን ይሠሩለታል። አሎይ ኦርኬስትራ የተባለው ቡድን በ1995 ቬርቶቭ ለሙዚቀኞች ከተወው ማስታወሻ ተነሥቶ ሠራለት፤ በ2002 ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል ናይማን ሌላ ሠራለት። ምስሉ አንድ ነው። ባንዱ ከተማዋ ትጣደፋለች፣ በሌላው ትዝታ ትሆናለች። ተራኪውን ቀይሮ ያንኑ ታሪክ እንደ መስማት ነው።

«ባራካ» ከበረከት ጋር ይዛመዳል?

አዎ፣ ይዛመዳል። ቃሉ በዓረብኛ በረከት ማለት ነው። ሥሩ ከእኛው ባረከ፣ ቡራኬና በረከት ጋር አንድ ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ላይ ሲፈልጉ፣ እኛ ርዕሱን ሰምተን ልናውቀው እንችላለን።

ፊልሙ በ1992 ወጣ። የተቀረጸው በሃያ ምናምን አገሮች ነው። ሙዚቃውን ማይክል ስተርንስ አዘጋጀው። ፍሪኬና ፕሮዲውሰሩ ማርክ ማጊድሰን በ2011 ደግሞ «ሳምሳራ»ን ይዘው ተመለሱ። ሁለቱም የተቀረጹት ሲኒማ ከሚጠቀምበት መደበኛ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሰፋ ባለው በ70 ሚሊ ሜትር ዓይነት ነው። የእያንዳንዱ ምስል ስፋት ከመደበኛው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ካሜራው ከባድ ነው፣ ፊልሙ ውድ ነው፣ በረሃና ተራራ ላይ ማጓጓዙ ፈተና ነው። ታዲያ ለምን?

ወሬ የሌለበት ፊልም ዓይንን የሚይዝበት ሌላ ገመድ ስለሌለው ነው። አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ ግማሽ ደቂቃ ከቆየ ዓይን መዞር ይጀምራል። ሲዞር የሚያገኘው ነገር መኖር አለበት፦ የቆዳ መሥመር፣ የግድግዳ ስንጥቅ፣ በሩቅ የምትሄድ አንዲት ሰው።

ባራካ ውስጥ አንድ መነኩሴ በቶኪዮ መንገድ ላይ ይሄዳል። ደወል ይመታል፣ አንዲት ትንሽ እርምጃ ይራመዳል። ደወል፣ እርምጃ። ሕዝቡ በዙሪያው ይጎርፋል። የሚያየው የለም፣ እሱም አያያቸውም። በቃ ይኸው ነው ትዕይንቱ። ስለ ፊልሙ ሁሉንም ረስቼ እሱን አልረሳሁም።

ታዲያ እንደፈለግኩ ብተረጉመውስ?

የሬጂዮ መልስ «አዎ» ነው። እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ፊልም ያያል ባይ ነው። እኔ ግን ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ሰምና ወርቅን አስቡ። ባለ ቅኔው ወርቁን አውቆ ይቀብረዋል፤ ሰሚው ቆፍሮ ያወጣዋል። ሁለቱ አንድ ቋንቋ ስላላቸው ይገናኛሉ። ቃል አልባ ፊልም ሰሙን ይሰጣችኋል፤ ወርቁ ግን አንዳንዴ የተቀበረ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ያልነበረ ነው። ቆፍራችሁ ያገኛችሁት የራሳችሁን ሊሆን ይችላል። ይህ ነፃነት ነው። አደጋም ነው።

አደጋውን ለማየት አንድ ትዕይንት ይበቃል። ኮያኒስካትሲ ውስጥ መስኮታቸው የተሰባበረ ትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ይታያሉ። ሙዚቃው ይከብዳል። ከዚያ ሕንፃዎቹ በፈንጂ እየተመቱ ይፈርሳሉ። ቦታው በሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረው ፕሩት አይጎ የተባለ የመንግሥት መኖሪያ መንደር ነው። ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች ነበሩት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተገንብቶ አለቀ፤ በ1972 መፍረስ ጀመረ።

ትዕይንቱን ያየ ሰው «እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ለሰው አይሆንም» ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም። ምስሉ የሚለው ያንን ነው። ግን ከሕንፃው ጀርባ ብዙ ነገር ነበር። የጥገና ገንዘብ ከተከራዮቹ ኪራይ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ተከራዮቹ ደግሞ ድሆች ነበሩ። ከተማዋ ሕዝቧን እያጣች ነበር። የዘር መለያየትም ነበር። ይህ ሁሉ ፎቶ አይነሣም። ፈንጂ ግን ይነሣል፣ ያውም አሳምሮ። ምስል «ምን ሆነ» ላይ ጎበዝ ነው። «ለምን ሆነ» ላይ ሲደርስ ቃል ያስፈልገዋል።

ድህነትን ማሳመር አይሆንም ወይ?

ይህ በዘርፉ ላይ የሚነሳው ትልቁ ወቀሳ ነው። ሬጂዮ በ1988 የሠራው «ፖዋካትሲ» የሚጀምረው በብራዚል ሴራ ፔላዳ በተባለ የወርቅ ማውጫ ነው። ጭቃ የለበሱ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ጆንያ ተሸክመው ገደሉን ይወጣሉ። በስሎው ሞሽን። በሚያነቃቃ ከበሮና ጥሩምባ። የተጎዳ ጓደኛቸውን ተሸክመው ሲያልፉ ምስሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። ያምራል። ጥያቄው ማማር ነበረበት ወይ ነው። አንዱ ተመልካች ለጉልበት የተሰጠ ክብር ያያል። ሌላው የሰውን ሥቃይ ወደ ፖስት ካርድ የቀየረ ቱሪስት ያያል።

ስም አለመኖሩም አብሮ ይነሳል። ሳምሳራ የኦሞ ሸለቆን ሙርሲዎች ያሳያል። ፊልሙ በመሃል ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉ አይልም። ለሚያውቃቸው ሰው ሙርሲዎች ናቸው። ለሌላው «ሩቅ ያሉ ሰዎች» ብቻ ናቸው። ቃልን መተው ሁሉንም ሰው እኩል አያደርግም፤ አስቀድሞ የሚያውቅና የማያውቅ እኩል አያዩም።

ሌላም አለ። ቴክኖሎጂን የሚተቸው ፊልም ራሱ የረቀቀ ቴክኖሎጂ ውጤት ነው። ይህኛው ወቀሳ ግን ብዙም አያሳምነኝም። ወረቀት በማባከን ላይ የሚጻፍ መጽሐፍም በወረቀት ነው የሚታተመው።

ስልኬ ላይ ከማየው ቪዲዮ በምን ይለያል?

በቴክኒክ ደረጃ እየተቀራረበ ነው። በ1970ዎቹ ፍሪኬ ካሜራውን እየነካካ ያመጣውን የታይም ላፕስ ምስል ዛሬ ማንኛውም ስልክ ይሠራዋል። ድሮን ሄሊኮፕተርን ተክቷል። የከተማ መብራት እንደ ወንዝ ሲፈስ ያላየ ሰው የለም፤ የባንክና የመኪና ማስታወቂያ ሁሉ በዚህ የተሞላ ነው። ለዚህ ነው ኮያኒስካትሲን ዛሬ የሚያይ ወጣት «ይሄማ የተለመደ ነው» የሚለው። የተለመደው ከእሱ ስለተቀዳ ነው።

ልዩነቱ ርዝመቱ ነው። ሠላሳ ሴኮንድ ያስደንቃል፤ ሰማንያ ደቂቃ ግን ያስጨንቃል፣ ያሰለቻል፣ ከመሰልቸት በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። የነቃሁት ሙዚቃው ሲፈጥን ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ያ እንቅልፍ የወሰደኝ ክፍል፣ ምድር ብቻ የሚታይበት፣ ለኋላው ጥድፊያ መለኪያ መሆኑ ገባኝ። ጸጥታው ባይኖር ጩኸቱ አይጮህም ነበር።

ማየት ለምትፈልጉ፦ በስልክ አትጀምሩ። ያላችሁን ትልቁን ስክሪንና ጥሩ ድምፅ ተጠቀሙ። ትርጉም ለመፈለግ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ምን ተደጋገመ፣ ምን ፈጠነ፣ ምን ዘገየ የሚለውን ብቻ ያዙ። አንድ ትዕይንት ከነካችሁ መልሳችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። የጠፋው ስሜት የሙዚቃው ድርሻ ነበር ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ የሚፈነዳው ሮኬት ቻሌንጀር ነው?

ስለ ኮያኒስካትሲ የሚነሳ የተለመደ ስህተት ይህ ነው። አይደለም። የአሜሪካዋ የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር የፈነዳችው በጥር 1986 ነው፤ ፊልሙ ከእሷ አራት ዓመት ይቀድማል።

በፊልሙ መጨረሻ ሮኬት ይነሳል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ካሜራው አንዱን የሚነድ ስብርባሪ ይዞ ይከተለዋል። ስብርባሪው ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ መሬት አይደርስም። የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ ይመለሳል፣ ያችኑ ቃል ያዜማል። መዘምራኑ በሆፒ ቋንቋ የሚዘምሩት ትንቢት ነው፤ አንዱ፣ ከምድር ውድ ነገር ቆፍረን ብናወጣ መዓት እንጠራለን ይላል። የዓለቱ ሥዕሎች ደግመው ይታያሉ። ከዚያ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ፣ የርዕሱና የትንቢቶቹ ትርጉም ተጽፎ ይመጣል። ቬርቶቭ መጀመሪያው ላይ ያስገባትን ጽሑፍ ሬጂዮም አልተገላገላትም፤ መጨረሻው ላይ አደረጋት እንጂ።

ያ ጽሑፍ ግን ስለ ሮኬቱ ምንም አይልም። መጀመሪያ ያየነው የሮኬት እሳት ወደ ጨረቃ የሄደው የአፖሎ 11 ነው። የሚፈነዳው ሌላ ነው፤ በግንቦት 1962 የተተኮሰው የመጀመሪያው አትላስ ሴንቶር። የሙከራ ሮኬት ነበር። ውስጡ ማንም አልነበረም።